የአውሮፓ ገበሬ ምግብ በጎጃም ጓዳ

ቡሬም ሆነ ፍኖተ ሰላም «የፈረንጅ ምግብ» ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው ፓስታና መኮሮኒ ነው። ፓስታ፣ ስጎ፣ ሳልሳ፣ ላዛኛ፣ ፉርኖ፦ ስሞቹ ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ጣሊያን አገራችንን ወርሮ የቆየው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ሲሆን፣ ቡሬ የሰፈረው ጦሩ በየካቲት 1933 መጨረሻ ከተማዋን ለቆ ሸሸ። ፓስታው ግን ከዚያ ወዲህም እየተስፋፋ፣ ስጎው በበርበሬ እየቀላ፣ በእንጀራ እየተጠቀለለ የእኛው ሆነ።

እንደ እኔ እምነት ግን ከአውሮፓ ማዕድ ለምዕራብ ጎጃም ይበልጥ የሚቀርበው ሌላ ነው። የሰሜን ጣሊያን ገበሬ ለብዙ ዘመን የኖረው በፖሌንታ፣ ማለትም በበቆሎ ገንፎ ነው። ቡሬና ጃቢ ጠህናን ደግሞ የበቆሎ አገር ናቸው። አንድ እጅ ዱቄት በአራት እጅ የፈላ ጨዋማ ውኃ ላይ እየነሰነሱ፣ እሳቱን ቀነስ አድርገው፣ አርባ ደቂቃ ያህል በማማሰያ ማማሰል ነው፤ ገንፎ ላገነፋች እናት አዲስ ሙያ አይደለም። ሲቀዘቅዝ ይጠጥራል፤ ተቆርጦ በዘይት ሲጠበስ ለቁርስ ይሆናል። አንድ ነገር ግን ልብ ይባል፦ በበቆሎ ብቻ የኖሩት የጣሊያን ድሆች ፔላግራ በሚባል በሽታ ተጎድተዋል። ስለዚህ ከጎኑ ባቄላ፣ ወተት ወይም እንቁላል ይኑር።

ድንችም እንዲሁ ነው። ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሺምፐር እንደሆነ ይነገራል። ዛሬ ከመራዊ አጠገብ ባለው የቆጋ መስኖ፣ በ7,000 ሄክታሩ ላይ ከሚለሙት ሰብሎች አንዱ ነው፤ የአዴት ምርምር ማዕከልም ዘንገናና ጓሳ የተባሉ ዝርያዎችን አውጥቷል። ታዲያ ድንቹ ከወጥና ከቅቅል ለምን አያልፍም? አንድ ኪሎ ድንች ከነልጣጩ ቀቅሎ፣ በትኩሱ ልጦና ፈጭቶ፣ ሩብ ኪሎ ያህል የስንዴ ዱቄት ጨምሮ ሳያበዙ ማሸት፣ በጣት ውፍረት አድቦልቡሎ በትንንሹ መቆራረጥ፣ በፈላ ውኃ መጨመር፤ ሲንሳፈፍ በስሏል። ጣሊያኖች ኞኪ ይሉታል። እንቁላል ካልገባበት ከአትክልት ስጎ ጋር ለጾም ይሆናል።

ጥቅል ጎመንም በጀርመኖች ዘንድ ተከትፎ፣ ለአንድ ኪሎ 20 ግራም ጨው ተደርጎበት፣ በራሱ ውኃ ተውጦ ለሳምንታት እንዲኮመጥጥ ይተዋል። በእርሾ ለሚኖር ቤት ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

«ፉርኖ የለንም» የሚለው ምክንያት እኔን አያሳምነኝም። ድፎ ዳቦ ከላይና ከታች እሳት ይዞ ሲጋገር የኖረበት ቤት ላዛኛ መጋገር አያቅተውም። ወፍራም ድስት ከስስ ፍም ላይ ተጥዶ፣ በብረት ክዳኑ ላይም ፍም ሲደረግ ያው ፉርኖ ነው። ለላዛኛው ነጭ መረቅ የሚሆነው ለጋ ቅቤ ነው፤ ኮረሪማና ኮሰረት የገባበት ንጥር ቅቤ ጣዕሙን ይለውጠዋል። ሪኮታ በሚባለው የጣሊያን አይብ ፈንታ የእኛው አይብ ይበቃል።

ሌላው ጉዳይ ከፍታ ነው። 2,000 ሜትር ግድም በሆኑት በቡሬና በፍኖተ ሰላም ውኃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው። በፓስታው ማሸጊያ ላይ የተጻፈው ደቂቃ እዚህ ስለማይበቃ፣ ሰዓት ከማየት ቀምሶ ማውጣት ይሻላል።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ድንችና የበቆሎ ዱቄት ይዛችሁ ስትገቡ፣ ከፓስታው በፊት ኞኪውን ወይም ፖሌንታውን ሞክሩት።