ውሻ ወይስ ድመት? የአንድ ስያሜ ጣጣ



ሰኞ ገበያ ላይ «ውሻ ይሻላል ወይስ ድመት?» ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ ስለ ሥራ ነው፤ ውሻ ግቢ ይጠብቃል፣ ድመት እህል ካለበት አይጥ ታባርራለች። ልማድም ይጨመርበታል። በብዙ የወሎ ሙስሊም ቤተሰቦች ዘንድ የውሻ ምራቅ ነጃሳ ስለሆነ ውሻው ደጅ ያድራል፤ ድመቷ ምድጃ ዳር ትተኛለች።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ቋንቋችን ነው። «የእብድ ውሻ በሽታ» ብለን በመሰየማችን ድመትን ነፃ አወጣናት። እርግጥ ነው፣ በሰው ላይ የሚደርሰው እስከ 99 በመቶ የሚመጣው ከውሻ ነው። ሆኖም በሽታው የያዛት ድመትም በንክሻዋ ታስተላልፋለች፤ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ ደግሞ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ነካሹ ማንም ይሁን፣ ቁስሉ ወዲያውኑ በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፤ ተነካሹም በዚያው ዕለት ክትባት ወደሚገኝበት ጤና ተቋም ይሂድ። «ድመት ናት፣ ምንም አይደል» እየተባለ የሚያልፈው ቀን ነው የሚያስፈራኝ።

ውሻ የምትመርጡ፣ በየዓመቱ አስከትቡት፤ ልቅ አትልቀቁት። ያልተከተበ ውሻ የሚያዛምተው በሽታ በዚሁ በደቡብ ወሎ፣ በቦረና ሳይንት ደጋ ለሚኖረው ቀይ ቀበሮም ሥጋት ነው። ግቢ ለሌለው ተከራይ ድመት ትስማማለች፤ እርሷም ትከተብ።