ያረጀው ላፕቶፑ ነው ወይስ ዲስኩ?

ፕሮሰሰር በእርጅና አይዘገይም። በተገዛበት ዓመት በሰከንድ ሁለት ቢሊዮን ጊዜ ይመታ የነበረ ቺፕ ከስምንት ዓመት በኋላም ያንኑ ያህል መምታት ይችላል፤ ውስጡ ያሉት ትራንዚስተሮች እንደ መኪና ጎማ እየተበሉ አያልቁም። ታዲያ ላፕቶፑ ለምን ተንቀራፈፈ? ብዙ ሰው ይህን ጥያቄ ሳይመልስ ነው ወደ ገበያ የሚወጣው። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በኋላ አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ ከ100 ብር አልፏል። ከውጭ የሚገባ ዕቃ እንዲህ በተወደደበት ጊዜ ምርመራው ከግዢው መቅደም አለበት።

ዕድሜ በጠገቡ ላፕቶፖች ላይ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሃርድ ዲስኩ ነው። የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ ብዙ ጊዜ በደቂቃ 5,400 ጊዜ የሚሽከረከር ሳህን አለው፤ አንዱ ዙር 11 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። የሚያነበው ክንድ ወደ ትክክለኛው መስመር ተንቀሳቅሶ፣ የሚፈልገው ቦታ ዞሮ ከሥሩ እስኪደርስ ድረስ በአማካይ ከ15 ሚሊሰከንድ በላይ ያልፋል። እዚህም እዚያም የተበታተኑ ፋይሎችን ሲለቅም በሰከንድ መቶ እንኳ አይሞላለትም። ዊንዶውስ ሲነሣ ግን የሚጠይቀው በሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ንባቦችን ነው። ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈትቶ ዲስኩን ይጠብቃል፤ ባለቤቱም ስክሪኑ ላይ አፍጥጦ ይጠብቃል።

በሃርድ ዲስኩ ምትክ የሚገባው ኤስኤስዲ ግን የሚዞር አካል የለውም። መረጃውን በጥቃቅን ሴሎች ውስጥ በታመቀ ኤሌክትሪክ መልክ ስለሚይዝ አንድን ጥያቄ በ0.1 ሚሊሰከንድ ገደማ ይመልሳል። ልዩነቱ ከመቶ እጥፍ በላይ ነው፤ ለዚህም ነው ዲስኩ ብቻ የተቀየረለት አሮጌ ላፕቶፕ ባለቤቱን የሚያስደንቀው። የእርስዎ ችግር ይህ መሆኑን ለማወቅ ባለሙያ አያስፈልግም። ላፕቶፑ ሲንቀራፈፍ ታስክ ማናጀርን ይክፈቱ። ዲስኩ 100 በመቶ ተወጥሮ ፕሮሰሰሩ ከ10 እስከ 15 በመቶ ላይ ከተቀመጠ መልሱ ተገኝቷል።

ሞልቶ የሚታየው ራሙ ከሆነም መድኃኒቱ ቅርብ ነው። 4 ጊጋባይት ራም ዛሬ ብራውዘር ላይ ጥቂት ገጾች ሲከፈቱ ያልቃል፤ ሲያልቅ ዊንዶውስ የተረፈውን ወደ ዲስክ ስለሚያሸሽ ሸክሙ ተመልሶ ዲስኩ ላይ ያርፋል። ለቢሮና ለትምህርት ሥራ 8 ጊጋባይት ዝቅተኛው ነው እላለሁ፤ 16 ከተገኘ ለዓመታት አያሳስብም።

ሙቀት ግን ፕሮሰሰሩን ራሱን ያዘገየዋል። ቺፑ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲደርስ እንዳይቃጠል ፍጥነቱን በራሱ ይቀንሳል። ለዚህ የሚዳርገው ፋኑ ላይ የተጋገረ አቧራና በቺፑና በማቀዝቀዣው መካከል ያለው ቅባት መድረቅ ነው። አዲስ አበባ ላይ ሌላም ምክንያት ይጨመራል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,355 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሯ ከባሕር ዳርቻው አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ፋኑ በዚያው ፍጥነት ቢዞርም በእያንዳንዱ ዙር የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። እርግጥ የከተማዋ ብርድ ያካክሳል፤ ሆኖም ፋን ማስጠረግና ቅባቱን ማስቀየር እዚህ ቅንጦት አይደለም።

ባትሪው በኬሚስትሪ ያረጃል። የሊቲየም አዮኖች ቻርጅ ሲደረግ ወደ ግራፋይቱ ይገባሉ፣ ስንጠቀምበት ይወጣሉ። በዚህ ምልልስ ግራፋይቱ ላይ ስስ ሽፋን እያደገ ሊቲየሙን ቀስ በቀስ ይበላል። ሙቀትና ሁልጊዜ 100 በመቶ ሞልቶ መቆየት ይህን ያፋጥኑታል። ብዙዎቻችን መብራት ይጠፋል ብለን ላፕቶፑን ቀኑን ሙሉ ሰክተን እንውላለን። ሴቲንጉ ከፈቀደ 80 በመቶ ላይ እንዲቆም አድርጎ፣ መብራት የሚጠፋበት ቀን ሲታወቅ ብቻ መሙላት ይሻላል። ያበጠ ባትሪ ግን ለነገ አይባልም፤ እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል ወዲያው መውጣት አለበት።

እንግዲህ መቀየር የሚገባው መቼ ነው? ዊንዶውስ 10 ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ አያገኝም። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ቺፕና፣ ከኢንቴል ወገን በጥቅሉ ስምንተኛ ጀነሬሽንና ከዚያ በላይ የሆነ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። ይህ ድንበር ከሃርድዌሩ ዕድገት ጋርም ይገጥማል። የሰባተኛው ጀነሬሽን ኮር አይ7-7500ዩ ሁለት ኮር ብቻ ነው ያለው፤ የስምንተኛው ኮር አይ5-8250ዩ አራት አለው። ሱቅ ውስጥ «ኮር አይ ሰቨን ነው» ተብሎ ዋጋ ሲጠራ ከሰረዙ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ያንብቡ፤ ገዢ በብዛት የሚጎዳው ይህን ባለማየት ነው። ከድንበሩ በታች ያለ ላፕቶፕ ቢሆንም አካሉ ጤነኛ ከሆነ ሊኑክስ ተጭኖበት ለጽሑፍና ለኢንተርኔት ሊያገለግል ይችላል። ማዘርቦርዱ ተቃጥሎ ጥገናው የተመሳሳይ ላፕቶፕ ዋጋ ግማሽ ከደረሰ ግን ገንዘቡን ለሌላ ማዋል ይሻላል።

ምርጫው በካርቶኑ ባለ ርካሽ ላፕቶፕና ለመሥሪያ ቤት ተሠርቶ ባገለገለ ላፕቶፕ መካከል ከሆነ እኔ ያገለገለውን እመርጣለሁ። ብዙዎቹ በጣም ርካሽ አዲሶች ደካማ ፕሮሰሰር፣ 4 ጊጋባይት ራምና ከኤስኤስዲ የሚያንስ ኢኤምኤምሲ ማከማቻ ይዘው ይመጣሉ፤ ሁሉም ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሚሆን ነገ ማሳደግ አይቻልም። ቲንክፓድ፣ ላቲቲዩድና ኤሊትቡክ የመሳሰሉት ሲሠሩ ጀምሮ እንዲፈቱና እንዲጠገኑ ታስበው ነው፤ መለዋወጫቸውም በቀላሉ ይገኛል። ከእነሱም ቢሆን ቀጫጭኖቹ ራማቸው የተበየደ ሊሆን ስለሚችል ሞዴሉን አስቀድሞ ማጣራት ያስፈልጋል።

ከመክፈልዎ በፊት ዊንዶውስ ራሱ የሚያወጣውን የባትሪ ሪፖርት አስከፍተው ሲመረት የነበረውን አቅምና አሁን ሲሞላ የሚይዘውን ያስተያዩ። ላፕቶፑ ሲበራ ከዊንዶውስ በፊት የሚነሣው ባዮስ በቀድሞ መሥሪያ ቤቱ ፓስወርድ አለመቆለፉን ይፈትሹ፤ የተቆለፈ ከሆነ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ይተዉት። ከዚያ ቪዲዮ ከፍተው ሃያ ደቂቃ ያህል ያጫውቱ፣ ፋኑን ያድምጡ፣ ቻርጀሩንም ነቅለው ባትሪው እንዴት እንደሚወርድ ይመልከቱ። ሻጩ ይህን ያህል ለመጠበቅ ካልፈቀደ ወደሚቀጥለው ሱቅ ይሂዱ።