ተረትና እውነታ፦ የአጥር ቋሚን የሚይዘው ሲሚንቶ ነው?

«አያስቡ እማማ፣ ሲሚንቶ በደንብ ካጠጣነው የትም አይሄድም።»

አጥር ያሳጠረ ሰው ሁሉ ይህን ቃል ሰምቶታል። ተናጋሪው አንዳንዴ በያጁ፣ አንዳንዴ ግንበኛው፣ አንዳንዴም ቀድሞ ያሳጠረው ጎረቤት ነው። ከዚያ ጉልበት የማይደርስ ጉድጓድ ይቆፈራል፤ ቱቦላሬው ወይም አንግል ብረቱ ይቆማል፤ ሲሚንቶ፣ አሸዋና ጠጠር ተቦክቶ ይሞላበታል፤ በማግሥቱ ቆርቆሮው ይመታል። ክረምት ሲገባ አጥሩ ዘመም ይላል። ቀጥሎ ባለው ክረምት ወደ መንገዱ ያጎነብሳል። አንድ ቀን ዝናብ ያዘለ ነፋስ ይመጣና የቀረውን ይጨርሰዋል።

ነገሩ ቀላል አይምሰል። ቆርቆሮ ሲወድቅ ስለታም ጠርዙን ይዞ ነው የሚወድቀው። ከአጥር ሥር ደግሞ ሰው አይጠፋም፤ ሱቅ በደረቴው አረፍ ይላል፣ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፣ በዝናብ ጊዜ መንገደኛ ይጠለልበታል። ባይወድቅ እንኳ ለዓመታት በዕቁብ ተጠራቅሞ የተሠራ አጥር ዳግም ይፈርሳል፤ ዳግም ይከፈልበታል። የሚያናድደው ደግሞ የሚቀጥለው ባለሙያ የሚሰጠው መፍትሔ ነው፦ «ያኔ ሲሚንቶው አንሶ ነበር፤ አሁን እንጨምራለን።»

ተረቱ ከየት መጣ?

እምነቱ ከመሬት ተነሥቶ የመጣ አይደለም። ቀጭን አንግል ብረት እርጥብ አፈር ውስጥ ብቻውን ቢቆም፣ ሲገፋ አፈሩን እየሰነጠቀ ይሄዳል። በዙሪያው ኮንክሪት ሲሞላ 4 ሳንቲ ሜትር የነበረው ጎን 30 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ብረቱ የሚደገፍበት የአፈር ስፋትም አብሮ ይጨምራል። ኮንክሪት ብረትን ከዝገት የሚጠብቅ ባሕርይ አለው። የመኪና በር የሚንጠለጠልበትን ከባድ ቋሚማ ያለ ኮንክሪት መትከል አይታሰብም። ስለዚህ ሲሚንቶ ከንቱ ነው የሚል የለም። ስሕተቱ ያለው ሲሚንቶውን የጥልቀት ምትክ ማድረግ ላይ ነው።

ለዚህ ማስረጃ የሚፈልግ ሰው የወደቀ አጥር ሥር ሄዶ ይመልከት። አብዛኛውን ጊዜ ቋሚው የሚገኘው ኮንክሪቱን እንደያዘ ከነሥሩ ተገንድሶ ነው። ኮንክሪቱ አልተሰበረም፤ ብረቱም ከኮንክሪቱ አልወጣም። የተሸነፈው አፈሩ ነው። አፈሩ የተሸነፈበት ቦታ ላይ ሲሚንቶ መጨመር የተሸነፈውን ትቶ ያልተሸነፈውን ማጠናከር ይሆናል።

ስሌቱ ምን ይላል?

2 ሜትር ቁመት ያለው የቆርቆሮ አጥር እንውሰድ። ቋሚዎቹ በ2.5 ሜትር ርቀት ቢተከሉ፣ እያንዳንዱ ቋሚ 5 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ይሸከማል ማለት ነው። በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ አየሩ ሳሳ በሚልበት በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ እንኳ አንድ ካሬ ሜትር አጥርን ወደ 40 ኪሎ በሚጠጋ ኃይል ይገፋል። ስለዚህ አንድ ቋሚ 200 ኪሎ ያህል ግፊት ይደርስበታል፤ ግፊቱም የሚያርፈው በአማካይ ከመሬት 1 ሜትር ከፍ ብሎ ነው።

አሁን ወደ ጉድጓዱ እንመለስ። በየጎኑ 30 ሳንቲ ሜትር ሆኖ 40 ሳንቲ ሜትር የጠለቀ ጉድጓድ ውስጥ የሚገባው ኮንክሪት 86 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ይህ ክብደት ብቻውን ከነፋሱ የመገልበጥ ኃይል አንድ አሥራ አምስተኛውን ነው የሚመክተው። «ሲሚንቶው ከባድ ስለሆነ ይይዘዋል» የሚለው አባባል እዚህ ላይ ያበቃል። ቀሪውን ሸክም መሸከም ያለበት ከጎን የሚገፋው አፈር ነው።

አፈር ደግሞ ጥልቀት ካልተሰጠው አይሸከምም። ስዊድናዊው የአፈር መሐንዲስ ቤንት ብሮምስ እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተማቸውና ዛሬም ድረስ በሚሠራባቸው ጥናቶች በጎን የሚገፋ ቋሚን አፈሩ የሚይዝበትን ስሌት አስቀምጧል። በዚያ ስሌት መሠረት በአሸዋማ አፈር ላይ ከላይ ያልነው ባለ 40 ሳንቲ ሜትር ጉድጓድ የሚመክተው የጎን ግፊት ከ40 ኪሎ አይበልጥም። የጉድጓዱን ስፋት ሳንነካ ጥልቀቱን 80 ሳንቲ ሜትር ብናደርሰው ግን 220 ኪሎ ገደማ ይመክታል። ሲሚንቶው እጥፍ ብቻ ሆነ፤ አቅሙ ግን ወደ ስድስት እጥፍ አደገ። በተቃራኒው ጥልቀቱን 40 ላይ ትተን ጉድጓዱን በሁለቱም ጎን እጥፍ ብናሰፋው ሲሚንቶው አራት እጥፍ ይሆናል፤ የአፈሩ መከላከያ የሚያድገው እጥፍ ብቻ ነው። የኮንክሪቱ ክብደት ሲጨመርበት እንኳ የጥልቁን ጉድጓድ ያህል አይሸከምም።

ታዲያ ለምን ሰፊና ጥልቀት የሌለው ጉድጓድ በዛ? መልሱ የሥራው ክፍያ ላይ ነው። ቀን ሠራተኛው የሚከፈለው በጉድጓድ ቁጥር ነው። የላይኛው አፈር በአካፋ ይነሣል፤ ከ50 ሳንቲ ሜትር በታች ግን ድጅኖ፣ ላብና ጊዜ ይጠይቃል። ሲሚንቶውን የሚገዛው ደግሞ ባለቤቱ ነው። ስለዚህ የሠራተኛው ድካም ቀንሶ የባለቤቱ ወጪ ይጨምራል። ለዚህ የምወቅሰው ቀን ሠራተኛውን አይደለም። የምወቅሰው ይህን እያወቀ «ሲሚንቶ እንጨምርበት» የሚለውን አሠሪ ባለሙያ ነው።

ዋልካ ላይ ሲሆን ደግሞ

ተረቱ ከሁሉ የከፋ ጉዳት የሚያደርሰው ዋልካ ላይ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ይህ ጥቁር አፈር ወደ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ይሸፍናል። በአዲስ አበባም ከቦሌ እስከ ሲኤምሲና አያት፣ ወደ ደቡብም አቃቂ ድረስ በብዙ ቦታ ይገኛል። ውስጡ ያለው የሸክላ ማዕድን በስስ ንብርብሮቹ መካከል ውሃ ያስገባል፤ ስለዚህ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተርና እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል።

ዋልካ ሲያብጥ የኮንክሪቱን ጎን ጨምድዶ ይዞ ወደ ላይ ያነሣዋል። ሲደርቅ ይለቀዋል፤ ነገር ግን ከሥሩ በተፈጠረው ክፍተት አፈር ስለሚገባበት ቋሚው ወደ ቦታው አይመለስም። በሚቀጥለው ክረምት ደግሞ ጥቂት ይነሣል። ሁሉም ቋሚ እኩል ስለማይነሣ አጥሩ ይወላገዳል።

በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከላይ ሰፍቶ ከታች ይጠባል። እዚያ ውስጥ የተሞላው ኮንክሪት የተገለበጠ ሾጣጣ ቅርጽ ይይዛል። ያበጠው አፈር ይህን ዘንበል ያለ ጎን ከሥሩ ገብቶ ወደ ላይ ይገፋዋል። በጠንካራ ቀይ አፈር ላይ ጉዳቱ ያን ያህል አይደለም፤ ዋልካ ላይ ግን ሲሚንቶ በተጨመረ ቁጥር ለሚገፋው አፈር የበለጠ መያዣ መስጠት ነው።

ትክክለኛው ቅርጽ የዚህ ተቃራኒ ነው፦ ከላይ ጠበብ፣ ከታች ሰፋ። ጉድጓዱ ቀጥ ብሎ ይወርድና መጨረሻው ላይ በድጅኖ ወደ ጎን ይሰፋል። ኮንክሪቱ ሲሞላ ታች ያለው ሰፊ እግር ወደ ላይ መነሣትን ይከለክላል። የላይኛው ክፍል በወፍራም ላስቲክ ቢሸፈን የሚያብጠው አፈር ኮንክሪቱን ጨምድዶ ለመያዝ ይቸገራል። እግሩ ማረፍ ያለበት በበጋ ስንጥቁ ከሚደርስበት በታች ነው። ይህ ጥልቀት ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ አንዳንድ ቦታ ከ1.5 ሜትር ያልፋል። ስለዚህ መሬቱን ሳያይ «ለዋልካ ይህን ያህል ይበቃል» ብሎ ቁጥር የሚጠራ ሰው አይታመን። ያን ያህል መቆፈር አቅም ካልፈቀደ ሸክሙን መቀነስ ይሻላል፦ በቆርቆሮ ፋንታ ነፋስ የሚያሳልፍ የሽቦ መረብ፣ ዝቅ ያለ አጥር፣ የተቀራረበ ቋሚ፣ ከውስጥ በኩል ሰያፍ ድጋፍ። የጣራ ውሃንም ከአጥሩ ሥር ማራቅ ያስፈልጋል። በቆርቆሮውና በመሬቱ መካከል 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ከተተወ ያበጠው አፈር ቆርቆሮውን ከሥር አይገፋውም።

ባጭሩ የሚመለሱ ሌሎች ተረቶች

«ሲሚንቶ በማግሥቱ ይደርቃል።» ሲሚንቶ የሚጠነክረው ውሃ ስለተለየው አይደለም፤ ከውሃው ጋር ስለተዋሐደ ነው። በ7 ቀን ከሙሉ ጥንካሬው ሁለት ሦስተኛ ገደማ ይደርሳል፤ ሙሉ ጥንካሬው የሚለካው በ28 ቀን ነው። በማግሥቱ ቆርቆሮ መምታት ለጋውን ኮንክሪት ለነፋስ አሳልፎ መስጠት ነው። ቢያንስ ሳምንት ይጠበቅ፤ ውሃም ይጠጣ።

«ብረቱ ከወፈረ አጥሩ ይጠነክራል።» ግማሹ እውነት ነው። ቀጭን 40 በ40 ቱቦላሬ ከላይ ባልነው ነፋስ ራሱ ይታጠፋል። ነገር ግን የግድግዳውን ውፍረት ከመጨመር ጎኑን ማስፋት ያዋጣል። በዚያው ውፍረት ከ40 ወደ 60 ሚሊ ሜትር ሲኬድ የብረቱ ክብደት በግማሽ ይጨምራል፤ መታጠፍን የመቋቋም አቅሙ ግን ከእጥፍ በላይ ይሆናል። እግሩ ካልጠለቀ ግን የትኛውም ብረት አያድንም።

«ጫፉ ላይ ፌሮ ከተበየደ አይዘምም።» ታች የሚበየዱት የፌሮ ቁርጥራጮች ብረቱ ከኮንክሪቱ እንዳይወጣና እንዳይዞር ያደርጋሉ፤ ሊቀሩም አይገባም። ብረቱና ኮንክሪቱ አንድ ላይ ሆነው ሲዘሙ ግን ምንም አያግዙም።

«ያለ ሲሚንቶ የተተከለ ብረት አይቆምም።» ለሾህ ሽቦ አጥር ይህ እውነት አይደለም። ያልተነካ አፈር ተቆፍሮ ከተመለሰ አፈር የበለጠ ይይዛል፤ ስለዚህ በመዶሻ ተመትቶ የገባ አንግል ብረት በጠንካራ መሬት ላይ ብዙ ዓመት ይቆማል። በአሜሪካ የከብት እርሻዎች የተለመደው የቲ ቅርጽ ቋሚ ከመሬት በታች የሚውል ሰፊ የብረት ሳህን የተገጠመለት ለዚህ ነው፤ ሳህኑ አፈሩን በሰፊው ይደገፋል። የእኛም በያጅ የላሜራ ቁራጭ በይዶ ይህንኑ መሥራት ይችላል። ተቆፍሮ የተተከለ ከሆነ ደግሞ አፈሩ 15 ሳንቲ ሜትር እየሆነ ይመለስ፤ እያንዳንዱ ንብርብር በድጅኖው ድፍን ጫፍ ይጠቅጠቅ።

«ለሽቦ አጥር ሁሉም ቋሚ እኩል ነው።» አይደለም። አንድ ሽቦ በ80 ኪሎ ቢወጠር አምስት ሽቦ የማዕዘኑን ቋሚ በ400 ኪሎ ይጎትተዋል፤ ያውም ሌት ተቀን። መካከለኞቹ ሽቦውን ደግፈው ይይዛሉ እንጂ አይጎተቱም። ጥልቁ ጉድጓድ፣ ኮንክሪቱና ሰያፍ ድጋፉ ለማዕዘኖቹና ለበሩ ይሁን።

«የቋሚው ሲሶ ከተቀበረ ይበቃል።» ለመነሻ መጥፎ አይደለም። ነገር ግን ለሾህ ሽቦና ለቆርቆሮ፣ ለቀይ አፈርና ለዋልካ አንድ ልክ ሊሠራ አይችልም።

«ከላይ ቆርቆሮ ቢቀጠል ምንም አይደለም።» ሌባ በተፈራ ቁጥር የሚደረግ ነው። ቁመት ሲጨምር ነፋሱ የሚያገኘው ስፋትም፣ የሚገፋበት ከፍታም አብረው ይጨምራሉ። የ2 ሜትር አጥር 3 ሜትር ሲሆን በእግሩ ላይ የሚያርፈው የመገልበጥ ኃይል 2.25 እጥፍ ይሆናል። እግሩ ግን ያው የድሮው ነው። ይህን ያለ ተጨማሪ ድጋፍ ማድረግ አደጋ መጥራት ነው።

«ኮንክሪት ውስጥ የገባ ብረት አይዝግም።» ውስጥ ያለው ተጠብቋል፤ የሚዝገው ከኮንክሪቱ በሚወጣበት መስመር ላይ ነው። የኮንክሪቱ አናት ከመሬት በታች ከቀረ ውሃ ይቋጥርና ብረቱን ዙሪያውን ይበላዋል። አናቱ ከመሬት 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል፤ ውሃ እንዲፈስም ወደ ውጭ ዘንበል ይበል። በመስመሩ ላይ ፀረ ዝገት ቀለም ይደገም፤ የቱቦላሬው አፍም ይዘጋ።

«ጋልቫናይዝድ የበየደ ወተት ከጠጣ አይጎዳም።» ይህ የሰው ጤና ስለሆነ ሳልጠቅሰው ማለፍ አልችልም። ዚንክ በ907 ዲግሪ ሴልሺየስ ይተናል፤ የብየዳው ሙቀት ከዚያ በእጅጉ ይበልጣል። ጭሱ ወደ ሳንባ ይገባል፤ ከሰዓታት በኋላ ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት ያስነሣል። ወተት ወደ ሆድ እንጂ ወደ ሳንባ አይሄድም። መከላከያው ነፋሻ ቦታ መሥራት፣ ከሚበየደው ቦታ ላይ ዚንኩን ቀድሞ መፋቅና ተገቢውን ጭምብል ማድረግ ነው። ዚንኩ የጠፋበት ቦታም በኋላ ቀለም ይቀባ፤ ዝገቱ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ባለቤቱ ምን ያድርግ?

ከባለሙያው ጋር ሲዋዋሉ ስንት ከረጢት ሲሚንቶ እንደሚገባ ብቻ አይጠይቁ፤ የጉድጓዱ ጥልቀት ስንት እንደሆነ ይጠይቁና ውሉ ላይ ይጻፍ። ለቀን ሠራተኛው ለጥልቀቱ የሚገባውን ይክፈሉት፤ ያ ገንዘብ ከሲሚንቶው ይቀነሳል። በጠንካራ ቀይ አፈር ላይ ለ2 ሜትር የቆርቆሮ አጥር ከ80 ሳንቲ ሜትር ያነሰ ጉድጓድ አይቀበሉ። ከሁሉ በላይ ኮንክሪቱ ከመሞላቱ በፊት ሜትር ይዘው በየጉድጓዱ ይዙሩ። አንድ ጊዜ ከተሞላ በኋላ ጥልቁንም አጭሩንም ከላይ አይቶ መለየት አይቻልም፤ ልዩነቱን የሚያወጣው ነፋስ ነው፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ ከአጥሩ ሥር ማን እንደሚኖር አይታወቅም።