አንድ የስፌት መኪና ስንት ሥራ ነው?

ሹክ ልበላችሁ። ይህ ስብሰባ ላይ አይነሳም።

ታኅሣሥ 1998 ዓ.ም. ሆንግ ኮንግ ላይ የዓለም ንግድ ድርጅት ለድሆች አገሮች «የንግድ ድጋፍ ዕርዳታ» የሚባለውን ነገር ካስጀመረ ወዲህ፣ ለጋሽ ሁሉ ሪፖርት ሲቀርብለት መጀመሪያ የሚፈልጋት አንዲት መስመር አለች፦ «የተፈጠረ የሥራ ዕድል»። እኔ እንጀራዬን የበላሁት እሷን መስመር በመሙላት ነው። እኛ ዘንድ የምትቆጥረው የተቀጠረውን ነበር። አንዷ ልጅ መጋቢት ገብታ ሚያዝያ ትለቃለች፣ የተተካችው ሰኔ ላይ ትሄዳለች፣ ሌላ ትመጣለች። የስፌት መኪናዋ ያችው አንዷ ናት፤ ሪፖርቱ ላይ ግን ሦስት ሥራ። ኦዲተር ቢመጣም ችግር የለም፤ ሦስቱም ፈርመዋል።

ሐዋሳን ተመልከቱ። ሐምሌ 2008 የተመረቀውን የኢንዱስትሪ ፓርክ ሼዶች መንግሥት በዩሮቦንድ ብድር አሠራቸው። የዕርዳታው ብር የገባው ሰው በማምጣቱ በኩል ነው፦ ከየወረዳው መመልመል፣ የእጅ ቅልጥፍና መፈተን፣ ማሠልጠን። ልጆቹ መጡ። ግን የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2011 እንደጻፉት መነሻ ደሞዙ በወር 26 ዶላር ነበር፤ ከዚያ ላይ የቤት ኪራይ ይነሳል። የመልቀቁ ነገር ደግሞ ከፓርኩ በፊትም የታወቀ ነው። ተመራማሪዎቹ ክሪስ ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን በአምስት የኢትዮጵያ ኩባንያዎች አመልካቾችን በዕጣ ለይተው ሲከታተሉ፣ ሥራውን ካገኙት ሲሶው በመጀመሪያው ወር፣ 77 በመቶው ዓመት ሳይሞላው ለቆ ነበር።

ዋናው ሹክሹክታ እዚህ ጋ ነው። ምልመላውንና ሥልጠናውን ሌላ ሰው ከከፈለ፣ ሠራተኛ በለቀቀ ቁጥር ባለፋብሪካውን እምብዛም አያመውም። ቢያመው ደሞዝ ይጨምር ነበር ባይ ነኝ። (እሱም ቢሆን ገዢው ለአንድ ሸሚዝ የሚሰጠው ዋጋ አስሮታል።) ስለዚህ ዕርዳታው ሳያውቀው ርካሽ ደሞዝን ይደጉማል።

ከዚያ ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ የቀረጥ ነፃ ገበያ ዕድል አስወጣች፤ ፓርኩ ውስጥ የነበረው የአልባሳት ኩባንያ ፒቪኤች ኅዳር ላይ ቀድሞ መውጣቱን አስታውቆ ነበር። ሐዋሳ ላይ የስፌት መኪና ሲቆም፣ እኛ ቅጽ ላይ «የጠፋ ሥራ» የሚል ዓምድ አልነበረም።

እናም «ይህን ያህል ሺህ የሥራ ዕድል ተፈጠረ» ሲባል ከሰማችሁ ፔሮሉን ጠይቁ፦ በዚህ ወር ደሞዝ የወሰደው ስንት ሰው ነው? አምና በዚሁ ወርስ?