ከምዕራፍ ሦስት የጠፉት ሰዎች

ሚያዝያ ሲገባ ቴሌግራሜ በምዕራፍ ሦስት ይጥለቀለቃል። ኢኮኖሚክስ መማሬን የሚያውቅ የሰፈር ልጅ፣ የጓደኛ እህት፣ አንዳንዴም ጭራሽ የማላውቀው ሰው የመመረቂያ ጽሑፉን ይልክና «እንግሊዝኛውን ብቻ አስተካክዪልኝ» ይለኛል። አስተካክላለሁ። (አንዳንዱ ይከፍላል፣ አንዳንዱ ማኪያቶ ይጋብዛል፣ አንዳንዱ ደግሞ ከዲፌንስ በኋላ ስልክ አያነሳም።) ዓይኔ ግን ሁልጊዜ የሚቆመው ስለ ናሙና አወሳሰድ የተጻፈው ክፍል ላይ ነው።

ያ ክፍል በሁሉም ጽሑፍ ላይ አንድ ዓይነት ነው ማለት ይቻላል። መጀመሪያ «ናሙና ማለት…» የሚል ትርጉም ከአንድ መጽሐፍ ይጠቀሳል። ቀጥሎ የያማኔ ቀመር ይመጣል። ከዚያ ሠንጠረዥ። መጨረሻ ላይ «ሲምፕል ራንደም ሳምፕሊንግ ተጠቅመናል» ተብሎ ይዘጋል። የከተማውን ስም ብትቀይሩት ለአዳማም ለደሴም ይሆናል። ማን፣ የት፣ ከየትኛው ዝርዝር ተመርጦ እንደተጠየቀ ግን ፈልጋችሁ አታገኙትም።

ቀመሩ ራሱ ጥፋት የለበትም። 5 በመቶ የስህተት ወሰን ከተቀበላችሁ፣ ጠቅላላውን የሕዝብ ቁጥር በ0.0025 አባዙና 1 ደምሩበት፤ ከዚያ ጠቅላላውን ቁጥር ለዚህ ውጤት አካፍሉት። ይህን የምታነቡበት ስልክ ላይ ካልኩሌተር አለ፣ ሞክሩት። ለ1,200 ሰው 300 ይላችኋል። ለ10,000 ሰው 385። ለአንድ ሚሊዮን 400። ለ120 ሚሊዮንም ያው 400! መጀመሪያ ስታዩት የተሳሳታችሁ ይመስላችኋል፤ ግን ልክ ነው። ሕዝቡ በጣም ሲበዛ የናሙናው መጠን አብሮ አያድግም።

ነገር ግን ይህ ሒሳብ የሚሠራው ሁለት ነገሮች ሲሟሉ ነው፤ ሁሉም ሰው በዕጣ የመመረጥ እኩል ዕድል ሲኖረውና የተመረጡት በሙሉ ሲመልሱ። ቀመሩ ስንት ሰው ይበቃል ለሚለው እንጂ እነማን ለሚለው መልስ የለውም። ገበያ ሄዶ ጤፍ የገዛ ሰው ይህን ያውቀዋል። እናቶቻችን ከማዳበሪያው አፍ ላይ ያለውን ብቻ አይተው አይገዙም፤ እጃቸውን ወደ ውስጥ ሰደው ከታች ያለውን ያወጣሉ። ከላይ ያለው አሥር እፍኝ ቢሆን እንኳ ስለ ሥሩ አይናገርም።

በዚህ ጉዳይ ላይ በዓለም የታወቀው ውድቀት እ.ኤ.አ. በ1936 አሜሪካ ውስጥ የደረሰው ነው። ሊተራሪ ዳይጀስት የሚባል መጽሔት ፕሬዚዳንት ማን ይሆናል ብሎ ወደ 10 ሚሊዮን ሰዎች የድምፅ ወረቀት በፖስታ ላከ። ከ2 ሚሊዮን በላይ ተመለሰለት። ይህን ሁሉ ሰው ቆጥሮ የሪፐብሊካኑ አልፍ ላንደን በ57 በመቶ ያሸንፋል አለ። ምርጫው ሲካሄድ ግን ፍራንክሊን ሩዝቬልት 61 በመቶ ገደማ ድምፅ አግኝቶ ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን ወሰደ። ጆርጅ ጋላፕ በበኩሉ 50 ሺህ ገደማ ሰዎችን ብቻ ይዞ አሸናፊውን በትክክል ተናግሮ ነበር። መጽሔቱ አድራሻ የሰበሰበው ከስልክ ማውጫ፣ ከመኪና ምዝገባና ከመሰል ዝርዝሮች ነበር። በዚያ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ስልክና መኪና ያለው ማን ነው? በዚያ ላይ ወረቀቱን ሞልቶ ለመመለስ የተጣደፈው በመንግሥቱ የተከፋው ወገን ነበር። መጽሔቱ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ከገበያ ወጣ።

ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። ሐምሌ 2014 ዓ.ም. የአዲስ አበባው 14ኛ ዙር የኮንዶሚኒየም ዕጣ መሰረዙን ታስታውሳላችሁ። ችግሩ የተገኘው ዕጣው ውስጥ በገባው ዝርዝር ላይ ነው፤ መረጃው ተነካክቶ የማይገባቸው ሰዎች ተካተውበት ነበር። ያኔ ማንም ሰው «ስንት ቤት ወጣ?» ብቻ ብሎ አላለፈም፤ «ዝርዝሩን ማን አዘጋጀው?» ብሎ ነው የጠየቀው። ጥናት ስናነብም መጀመሪያ መምጣት ያለበት ይኸው ጥያቄ ነው። ታክሲ ውስጥ ሁላችንም የምንጠይቀውን ነገር ምዕራፍ ሦስት ላይ ስንደርስ ለምን እንደምንተወው አይገባኝም።

ባለፈው ዓመት አንዲት ተማሪ ስለ አነስተኛ ነጋዴዎች የብድር አቅርቦት የሠራችውን ላከችልኝ። ድምዳሜዋ ነጋዴዎቹ ብድር ለማግኘት ብዙም አይቸገሩም የሚል ነው። የውሳኔ ሐሳቧ ደግሞ ትኩረቱ ከብድር ወደ ሥልጠና ይዙር ይላል። ስሞቹን ከየት እንዳገኘች ስጠይቃት ከአንድ አበዳሪ ተቋም የደንበኞች መዝገብ እንደሆነ ነገረችኝ። ብድር ያገኘን ሰው «ብድር ይገኛል?» ብላ ጠይቃ ነው «አዎ» የተባለችው! ጉልት ላይ ቲማቲም ደርድራ የምትሸጠው፣ ዋስ አጥታ የተመለሰችው፣ አራጣ የወሰደችው ሴት መዝገቡ ላይ ስለሌለች የመመረጥ ዕድሏ ዜሮ ነው። እንዲህ ዓይነት ጽሑፍ መደርደሪያ ላይ ብቻ ቢቀር ባልከፋ። ግን የሚቀጥለው ዓመት ተማሪ ይጠቅሰዋል፣ ፕሮጀክት የሚጽፍ ሰው ከእሱ ይወስዳል፣ ከዚያ ነገሩ «ጥናቶች እንደሚያሳዩት» ሆኖ ይመጣል።

«አማካሪዬ ያሳለፈውን አንቺ ምን አገባሽ?» አለችኝ። አልፈርድባትም፤ ማስረከቢያዋ ሊደርስ አራት ቀን ቀርቶት ነበር። ማታ ግን ራሷ ደወለች። አዲስ መጠይቅ ለመበተን ጊዜ የለም፤ ማስተካከል የሚቻለው ጽሑፉን ነው። ርዕሱ ላይ «ብድር ያገኙ» የሚል ገባ። ምዕራፍ ሦስት ዝርዝሩ የማን እንደሆነ፣ መጠይቁ ለማን እንደደረሰ፣ ስንቱ ሳይመለስ እንደቀረ በመናገር ጀመረ። ስለ ብድር መገኘት የሚለው ድምዳሜ ወጣ። ተበዳሪ በደንብ የሚመልሰው ነገር፣ ማለትም ብድሩ ስንት ጊዜ እንደፈጀና አመላለሱ እንዴት እንደከበዳቸው፣ ወደ ፊት መጣ። ጽሑፉ በሁለት ገጽ አጠረ፤ እሷም ስለ ምን እንደጻፈች ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነገረችኝ።

ለእኔ የጥሩ ጽሑፍ አወቃቀር ይኼው ነው። ጥያቄው ይቅደም። ከዚያ ስለ ማን እንደምታወሩ፣ ዝርዝሩን ከየት እንዳገኛችሁ፣ ከዝርዝሩ ውጪ የቀረው ማን እንደሆነ ተናገሩ። ቀመሩ ከዚህ በኋላ ይምጣ፤ ግማሽ ገጽ እንኳ አይፈልግም። መጠይቁን የሞላላችሁ ካፌ ውስጥ ያገኛችሁት ሰው ከሆነ ደግሞ «ያገኘሁትን ሰው ጠየቅሁ» ብላችሁ ጻፉ። ራንደም የሚባለው በዕጣ የተመረጠ እንጂ በአጋጣሚ የተገኘ አይደለም። ይህን አምኖ የጻፈ ተማሪ ውጤት ይቀነስበታል የሚል ፍርሃት አለ። አንዳንድ አማካሪዎች ቀመሩን ካላዩ ደስ እንደማይላቸው አውቃለሁ። ቢሆንም ገምጋሚ «ዝርዝሩን ከየት አመጣኸው?» ያለ ቀን ቀመሩ አያድናችሁም።

በትልልቅ ጥናቶች ይህ ሲጻፍ ማየት የሚፈልግ ሰው እ.ኤ.አ. በ2020 በኮቪድ ጊዜ የዓለም ባንክ በኢትዮጵያ ያካሄደውን የስልክ ጥናት ይመልከት። ቤት ለቤት መሄድ ስላልተቻለ፣ በ2018/19 ቤታቸው ድረስ ተሄዶ የተጠየቁ ቤተሰቦችን ስልክ ቁጥር ተጠቅመው ደወሉ። በመጀመሪያው ዙር 3,249 ቤተሰቦች መለሱ፤ 2,271ዱ ከከተማ፣ 978ቱ ከገጠር። አብዛኛው ሕዝብ ገጠር በሚኖርበት አገር ይህ የተገለበጠ ነው። ዘገባው ግን አልደበቀውም። ስልክ የሚያገኙት ቤተሰቦች በከተማ ከ90 በመቶ በላይ፣ በገጠር 40 በመቶ ያህል መሆናቸውን ጽፏል፤ መዛባቱን ለማቃናት ለመልሶቹ የተለያየ ክብደት ሰጥቷል፤ ስልክ የሌላቸውን እንደማይወክልም ተናግሯል። ይህን ካነበብኩ በኋላ ቴሌግራም ላይ «12 ሺህ ሰው ድምፅ ሰጠ፣ ሕዝቡ ወስኗል» የሚል ፖል ሳይ ፈገግ እላለሁ። የቻናሉ ተከታዮች ወስነዋል፣ በቃ።

ነጥብን በተመለከተም አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም በየዓመቱ የሚያናድደኝ እሱ ነው። 400 ሰው ሲጠየቅ የስህተት ወሰኑ 5 በመቶ ገደማ ነው። ከእነሱ መካከል 40 ሴቶችን ለይታችሁ ብቻቸውን ስትተነትኑ ግን ወሰኑ ወደ 16 በመቶ ይሰፋል፤ ስለዚህ በሴቶችና በወንዶች መካከል ያያችሁት የ7 በመቶ ልዩነት ምንም ላይሆን ይችላል። ይህን ሳይጽፉ ነጥብ የሚደረድሩ አሉ። በቅርቡ ያየሁት አንድ ሠንጠረዥ «66.67 በመቶ የሚሆኑት ተስማምተዋል» ይላል። ወደ ላይ ሄጄ ስቆጥር የተጠየቁት 12 ናቸው። «ስምንት ሰዎች» ብለህ ጻፈው አልኩት።