ቀረፋ፤ ከሻይ ማንቆርቆሪያ እስከ መድኃኒት ብልቃጥ

ማር ሲበዛ ይመራል የሚለው ምሳሌ ስለ ማር ብቻ የተነገረ አይደለም። ለሰው ልጅ የሚጠቅም ነገር ሁሉ ልክና መጠን እንዳለው፤ ልኩ ሲታለፍም ጥቅሙ ወደ ጉዳት እንደሚለወጥ ለማስገንዘብ የተነገረ ነው። በዛሬው ጽሑፋችን ይህንኑ ምክር በየቤታችን ከማይታጣው ከቀረፋ ጋር አያይዘን ልንመለከተው አስበናል።

ቀረፋን የማያውቅ አንባቢ አይኖርም። ከቅርንፉድና ከሄል ጋር በሻያችን ውስጥ ይፈላል፤ ከመከለሻ ቅመምም ይገባል። ማለዳ ወደ ቢሮው የሚገሠግሠው ጸሐፊም ሆነ ለፈተና ሲያጠና የሚያመሸው ተማሪ ሽታውን ለይቶ ያውቀዋል። ይሁን እንጂ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ቀረፋ ከወጥ ቤት ወጥቶ ወደ መድኃኒት መደርደሪያ ተሻግሯል። ዱቄቱ በእንክብል ታሽጎና በሚያምር ብልቃጥ ተሞልቶ፤ ስኳርን ያወርዳል፣ ስብን ያቀልጣል፣ ውፍረትን ይቀንሳል እየተባለ ይሸጣል። በውጭ አገር የሚኖር ዘመድም የስኳር ሕመም ላለባት እናቱ ስጦታ አድርጎ ይልከዋል። እንግዲህ ጥያቄያችን ይህ ነው፤ በሻይ ስንጠጣው የኖርነው ቀረፋ በማንኪያና በእንክብል በየቀኑ ሲወሰድ ያው ቀረፋ ነውን?

የጥንት ነጋዴዎች ወሬ

ቀረፋ ስሙ የገነነው ከጥንት ጀምሮ ነው። ኦሪት ዘጸአት በምዕራፍ 30 ለቅብዐት ዘይት ከሚገቡት ሽቱዎች ጋር ይቆጥረዋል። የግሪኩ የታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ ደግሞ ቀረፋ የሚገኝበትን መንገድ ሲተርክ፤ ታላላቅ ወፎች እንጨቱን ለቅመው በገደል ላይ ጎጆ ይሠሩበታል፤ ዐረቦችም ከገደሉ ሥር ትልልቅ ሙዳ ሥጋ ያስቀምጣሉ፤ ወፎቹ ሥጋውን ወደ ጎጆው ሲያወጡት ጎጆው ከክብደቱ የተነሣ ይወድቃል፤ ቀረፋውም ይለቀማል ይላል። ከእርሱ በኋላ የተነሣው ሮማዊው ፕሊኒ ግን፤ እንዲህ ያለው ተረት የዕቃውን ዋጋ ለማስወደድ የተፈጠረ ነው ብሎ ነቀፈው።

ለእኛ ይበልጥ የሚያስገርመን የግሪክ መልክዐ ምድር ጸሐፊዎች የአፍሪቃን ቀንድ የባሕር ጠረፍ «ቀረፋ አብቃይ አገር» ብለው መጥራታቸው ነው። ዛሬ የምናውቀው ቀረፋ ግን የእስያ ዛፍ ቅርፊት ነው። ሸቀጡ በዚህ ጠረፍ ወደቦች በኩል እያለፈ ወደ ሰሜን ይሄድ ስለ ነበር፤ ገዢው የሚያልፍበትን አገር የሚበቅልበት አገር አድርጎ እንደ ቈጠረው ብዙ ሊቃውንት ያምናሉ። ከዚህ የምንማረው አንድ ቁም ነገር አለ። ይኸውም ስለ አንድ ሸቀጥ አስደናቂ ወሬ ስንሰማ፤ ወሬው ማንን ይጠቅማል ብሎ መጠየቅ ከጥንትም ጀምሮ የአስተዋይ ሰው ልማድ መሆኑን ነው።

ቀረፋ አንድ ዓይነት አይደለም

በገበያ ቀረፋ ተብሎ የሚሸጠው ቅርፊት በዋናው በሁለት ይከፈላል። የመጀመሪያው በስሪላንካ የሚበቅለው፤ በአገሪቱ የቀድሞ ስም የሲሎን ቀረፋ የሚባለው ነው። ሁለተኛው ካሲያ ይባላል፤ ከቻይና፣ ከኢንዶኔዢያና ከቬትናም ይመጣል። ዋጋው ርካሽ ስለ ሆነ በብዙ አገር ገበያ ላይ የሚበዛው ይኸኛው ነው።

ሁለቱን በዓይንና በእጅ መለየት ይቻላል። የሲሎኑ እንደ ወረቀት የሳሱ ብዙ ቅርፊቶች እርስ በርሳቸው ተጠቅልለው የሚታዩበት፤ ቀለሙ ፈካ ያለ፤ በጣት ሲጫኑት የሚፈረካከስ ነው። ካሲያ ግን አንድ ወፍራም ቅርፊት ከሁለት ወገን ወደ ውስጥ የተጠቀለለ፤ ጠንካራና ጠቆር ያለ ነው። ሁለቱም ከተፈጩ በኋላ ግን ዓይን ሊለያቸው አይችልም።

ልዩነቱ በጣዕም ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባላተትንበት ነበር። ዋናው ነገር በካሲያ ውስጥ ኩማሪን የሚባል ንጥረ ነገር በብዛት መገኘቱ ነው። በሲሎኑ ውስጥ ያለው ግን እጅግ ጥቂት ነው። ኩማሪን መዓዛው ደስ የሚያሰኝ ቢሆንም፤ ሲበዛ በአንዳንድ ሰዎች ላይ ጉበትን ይጎዳል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የአሜሪካ መንግሥት የእንስሳት ጉበት መጎዳቱን አይቶ፤ ኩማሪን ለብቻው ተነጥሮ በምግብ ውስጥ እንዳይጨመር የከለከለው በ1954 ዓ.ም. ነበር።

እውነት ስኳርን ያወርዳልን?

የቀረፋ ዝና በሕክምናው ዓለም የገነነው በ2003 ዓ.ም. በፓኪስታን የተደረገ አንድ ጥናት ከወጣ በኋላ ነው። በዚያ ጥናት ሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም ካለባቸው 60 ሰዎች እኩሌቶቹ በቀን 1፣ 3 ወይም 6 ግራም ቀረፋ፤ እኩሌቶቹ ደግሞ ቀረፋ የሌለበት እንክብል ለ40 ቀናት ወሰዱ። ቀረፋ የወሰዱት ሰዎች የጾም ስኳር ከ18 እስከ 29 በመቶ ቀነሰ ተባለ። ወሬው በዓለም ተሰራጨ፤ ብልቃጡም ገበያውን አጥለቀለቀው።

ነገር ግን ሳይንስ በአንድ ጥናት አይፈርድም። ኮክሬን የተባለው የሕክምና ማስረጃዎችን የሚመዝን ድርጅት በ2012 ዓ.ም. 577 ሰዎች የተካፈሉባቸውን 10 ጥናቶች አንድ ላይ መርምሮ፤ ቀረፋ ለስኳር ሕመም ይጠቅማል ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ አልተገኘም አለ። በ2013 ዓ.ም. የወጣ ሌላ ግምገማ በጾም ስኳር ላይ መጠነኛ ቅናሽ ቢያይም፤ የሁለትና የሦስት ወር አማካይ ስኳርን በሚያሳየው የደም ምርመራ ላይ ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላገኘም። የስኳር ሕመም ዓይንን፣ ኩላሊትንና እግርን የሚጎዳው ለወራትና ለዓመታት ከፍ ብሎ በመቆየቱ ስለ ሆነ፤ ሐኪም አብልጦ የሚመለከተው ይህንኑ አማካይ ነው።

እንግዲህ ትልቁ አደጋ በቀረፋው ውስጥ ብቻ ያለ አይደለም፤ በተስፋው ውስጥም አለ። አንድ ሕመምተኛ ቀረፋ ጀምሬአለሁ ብሎ ሐኪም ያዘዘለትን ኪኒን ወይም የኢንሱሊን መርፌ ቢያቋርጥ፤ በሽታው በዝምታ ሥራውን ይቀጥላል። ኢንሱሊን ላቆመ ሰው ደግሞ ጉዳዩ የዓመታት ሳይሆን የቀናት፤ አንዳንድ ጊዜም የሰዓታት ነው።

ልኩ ስንት ነው?

የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ሰው ዕድሜውን ሙሉ በየቀኑ ሳይጎዳ ሊወስደው የሚችለው ኩማሪን በአንድ ኪሎ ክብደቱ 0.1 ሚሊግራም ነው ብሎ ወስኗል። ስለዚህ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ልኩ 6 ሚሊግራም ይሆናል። በአንድ ግራም ካሲያ ውስጥ በአማካይ 3 ሚሊግራም ያህል ኩማሪን ስላለ፤ የጀርመን የአደጋ ግምገማ ተቋም ለእንዲህ ያለው ሰው የቀኑን ልክ 2 ግራም ካሲያ አድርጎታል። ይህም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ነው። 15 ኪሎ ለሚመዝን ሕፃን ደግሞ ግማሽ ግራም ብቻ ነው። ለጥቂት ቀናት ልኩን ማለፍ አያሰጋም፤ የሚያሰጋው ልማድ ሲሆን ነው። በየቀኑ 6 ግራም ካሲያ የሚወስድ ሰው ግን የልኩን ሦስት እጥፍ ይወስዳል ማለት ነው።

በዚህ ስሌት ከሻይ ጋር የምትፈላው ቁራጭ ቀረፋ ጤናማውን ሰው አታስፈራውም። መጠንቀቅ የሚገባው ዱቄቱን በማንኪያ ወይም በእንክብል የሚወስደው ሰው ነው። በተለይም ጉበቱ የታመመ ሰው፣ ነፍሰ ጡር ሴት፣ የስኳር ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር ሊጀምረው አይገባም። በ2015 ዓ.ም. በወጣ አንድ የሕክምና ዘገባ፤ የስብ ማውረጃ መድኃኒት ትወስድ የነበረች የ73 ዓመት አሜሪካዊት የቀረፋ እንክብል ጨምራ አንድ ሳምንት ያህል እንደ ወሰደች ጉበቷ ተቆጥቶ ሆስፒታል ገባች። ሁለቱም ሲቋረጡ ዳነች፤ በኋላም መድኃኒቱን ያለ ቀረፋው ብትቀጥል ችግር አልደረሰባትም።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። በ2023 ዓ.ም. በአሜሪካ ቀረፋ የተጨመረበት የፖም ፍትፍት የተመገቡ ብዙ ሕፃናት በእርሳስ ተመርዘው ተገኙ፤ በምርመራም መርዙ የመጣው ከተፈጨው ቀረፋ መሆኑ ታወቀ። እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። ስለዚህ ዱቄት ከመግዛት ቅርፊቱን ገዝቶ በቤት መውቀጥ ይሻላል፤ ዓይነቱም በዓይን ይታያል። ደረቁን ዱቄት በማንኪያ ሙሉ እንዋጥ እየተባባሉ የሚወራረዱ ወጣቶችም ይህን ጨዋታ ቢተዉት መልካም ነው፤ ዱቄቱ ወደ ሳንባ ቢገባ በቀላሉ አይወጣም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ቀረፋን ጥሉት ማለታችን አይደለም። ቀረፋ ጥሩ ቅመም ነው፤ ቅመም ሆኖ ሲቆይም የሚጎዳው ሰው ጥቂት ነው። መድኃኒት ተብሎ ሲወሰድ ግን እንደ መድኃኒት ሊመዘን ይገባል። ዓይነቱ ይጠየቅ፤ ግራሙ ይቆጠር፤ ለሐኪምም ይነገር። በብልቃጡ ላይ የተጻፈውን የውጭ አገር ቋንቋ አንብቦ ለወላጆቹ የሚተረጉመው በየቤቱ የተማረው ወጣት ነው። ስለዚህ በዕረፍት ቀን ወላጆቹን ሊጠይቅ ሲሄድ ብልቃጡን አንሥቶ ይመልከት፤ ሐኪሙ ያዘዘው ኪኒንም ሳይቋረጥ መወሰዱን ቀስ ብሎ ይጠይቅ።