ክረምት ሲገባ መንገዱን ማን ይዘጋዋል?

ሐምሌ ላይ ከአዲሱ ገበያ ተነስቶ ወደ ሱሉልታ የሚወጣ ሰው ዳገቱን ሳይጨርስ ሌላ አገር የገባ ይመስለዋል። ታች ፒያሳ ካፊያ ብቻ ነበር። እዚህ ግን የፊተኛው መኪና የኋላ መብራት መጀመሪያ ይደበዝዛል፣ ቀጥሎ ይጠፋል። ጠዋት በሬዲዮ የሰማው ትንበያ ስለ አዲስ አበባ ነበርና ተሳሳተ ብሎ መውቀስ አይቻልም። ስለ እንጦጦ ሸንተረር ግን የነገረው የለም።

ከመስቀል አደባባይ እስከ እንጦጦ አናት ያለው የከፍታ ልዩነት 800 ሜትር ገደማ ነው። አየር አንድ ሺህ ሜትር ከፍ ባለ ቁጥር በአማካይ 6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀዘቅዝ፣ አናቱ ላይ ከከተማው መሀል በ5 ዲግሪ ገደማ ይበርዳል። በክረምት ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣው እርጥብ ነፋስ እዚህ ሸንተረር ላይ ሲደርስ መሄጃው ወደ ላይ ብቻ ነው፤ ይወጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ ደመና ይሆናል። ከከተማው ሲያዩት ተራራው ላይ የተጋደመው ደመና፣ ውስጡ ገብቶ ለሚነዳው ሰው ጉም ነው። በረዶውም የከፍታ ጉዳይ ነው። በእኛ ሰማይ ውሃ የሚረጋው ከባሕር ወለል በላይ ከ4,500 እስከ 5,000 ሜትር ባለው ከፍታ ላይ ስለሆነ፣ ከደመና የወጣ የበረዶ ጠጠር ቆላ እስኪደርስ ሊቀልጥ ይችላል። ወደ 3,000 ሜትር በተጠጋ መንገድ ላይ ሲወድቅ ግን ለመቅለጥ ጊዜ አያገኝም። አንዳንድ ከሰዓት አስፋልቱ በሩብ ሰዓት ውስጥ ነጭ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ብርዱ አዲስ ወሬ አይደለም። ምኒልክ እንጦጦ ላይ ከተማቸውን ሲቆረቁሩ አናቱ ለጦር የተመቸ ነበር፤ ለኑሮ ግን ብርዱና ነፋሱ አላስቀምጥ አለ። እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃ አጠገብ ቤት አሠርተው በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስትጀመር፣ መኳንንቱም ሠራዊቱም ቀስ በቀስ ወረደ። ዛሬ ጉዞው ተገልብጧል። መሀል ከተማ የቤት ኪራይ ያባረረው ሰው ሸንተረሩን ተሻግሮ ሱሉልታ፣ ግርጌውን ዞሮ ቡራዩ፣ ከወጨጫ ሥር ደግሞ ሰበታ ይኖራል። ሦስቱም በ2015 ዓ.ም. ከሌሎች ጎረቤት ከተሞች ጋር ተጠቃለው ሸገር ከተማ ሆነዋል። በአስተዳደር አንድ ይሁኑ እንጂ ክረምት ሲገባ ለየራሳቸው ተራራ ይገብራሉ።

ቡራዩን ቶሎ ልለፈው፤ የቡራዩ ጣጣ ከጉም ይልቅ ጎርፍ ነው። ከተማዋ የተዘረጋችው በአምቦ መንገድ ላይ፣ ለአዲስ አበባ ውሃ በሚሰጠው የገፈርሳ ግድብ አካባቢ ሲሆን፣ ከላይ ያለው ተዳፋት የሚያወርደው ውሃ ድሮ የሚሄድበት ቦይ ዛሬ አጥርና ግንብ ቆሞበታል። መሄጃ ያጣው ውሃ አስፋልቱን ይመርጣል። ዶፉ ካለፈ ከግማሽ ሰዓት በኋላ መንገዱ ተመልሶ መንገድ ይሆናል፤ ጠጠሩና ደለሉ ግን እዚያው ይቀራል፣ ማታ የሚመጣው ባለሞተር ያገኘዋል።

ሰበታ ሌላ ናት። ወጨጫ 3,385 ሜትር ከፍ ብሎ ከበላይዋ ቆሟል። በምዕራቡ ወገን ከአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ጀምሮ የተጠበቀ ነው የሚባለው የመናገሻ ሱባ ደን አለ፤ ጥዱና ዝግባው ዝናቡን ተቀብሎ ቀስ እያለ ይለቀዋል። በተራቆተው ወገን የወረደው ዝናብ እንዲህ ያለ ትዕግሥት የለውም። ከተማዋን አልፎ በጅማ መንገድ የሚሄድ ሰው ደግሞ በቾ ሜዳ ላይ ይወጣል። እዚያ ጠላቱ ቁልቁለት ሳይሆን መረሬ አፈር ነው። አዋሽ በጤጂ አካባቢ በየክረምቱ ከአልጋው ወጥቶ ሜዳውን ያጥለቀልቃል፤ አስፋልቱ ላይ ያለ መኪና ይሄዳል፣ ከአስፋልቱ የወረደ ግን ጎማው እስኪሸፈን ይሰምጣል። ባጃጅ አልገባም የሚልበት ቦታ ፈረስ ይገባል፣ ፈረስም እምቢ ሲል ታማሚ በሰው ትከሻ ይወጣል።

ብዙ ሰው የሚረሳው ሌላ መንገደኛ አለ፤ በእግሩ የሚሄደው። ከእንጦጦ ጫካ ቅጠልና እንጨት ተሸክመው የሚወርዱት ሴቶች ክረምት አያስቀራቸውም፤ እንዲያውም ደረቅ ማገዶ የሚወደደው ያኔ ነው። እርጥብ ባሕር ዛፍ ከደረቁ ይከብዳል። ከዛፉ ሥር ሣር እምብዛም ስለማይበቅል ዝናቡ አፈሩን አጥቦ ቀዩን ጭቃ ብቻ ያስቀራል። ሸክሙ ከጭንቅላት በላይ ወጥቶ ወገብን ወደ ፊት አጉብጦ፣ አንዷ በላስቲክ ጫማ የፊተኛዋን ዱካ እየረገጠች ስትወርድ ያየ ሰው፣ ስለ ተራራ ጉዞ አደጋ የሚወራው ሁሉ ስለ ጎማ ብቻ መሆኑ ያስተዛዝበዋል።

ወደ ሱሉልታ ልመለስ፣ ነገሩ የከረረው እዚያ ነውና። ይህ መንገድ የሰፈር መንገድ ብቻ አይደለም። የጎጃም መንገድ ነው፤ በጫንጮ፣ በሙከ ጡሪ፣ በፍቼ አድርጎ ጎሃ ጽዮን ይደርሳል። የሰላሌ ወተት በዚህ ይገባል፣ ከጫንጮ ማዶ ካለው የደርባ ፋብሪካ የተጫነ ሲሚንቶም በዚህ ይመጣል። ወደ ሸንተረሩ የወጣ ሙሉ ጭነት ሲኖትራክ ወደ አዲሱ ገበያ ሲወርድ ከፊቱ የሚያገኘው ተማሪ የጫነ ሚኒባስ፣ ሥራ የረፈደበት እግረኛና አህያ ነው። ልምድ ያለው ሹፌር ዳገቱን በወጣበት ማርሽ ቁልቁለቱን ይወርዳል፤ ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሽ ነጻ አድርጎ የሚለቀው ግን መኪናውን በፍሬን ብቻ ይዞ ፍሬኑን ያግለዋል። የጋለ ፍሬን ኩርባው ላይ እምቢ ሲል ረዳቱ ታኮ ይዞ መዝለሉ ዋጋ የለውም። የከፋው ቀን ደግሞ ዶፍ የሚወርድበት አይደለም። ሰኔ መግቢያ ላይ በጋውን ሙሉ አስፋልቱ ላይ የተከማቸው አቧራና ዘይት በመጀመሪያዎቹ ካፊያዎች ሲላቆጥ ነው። ያኔ ሰው ገና ክረምት ገባ ብሎ ፍጥነቱን አልቀነሰም።

ባለፈው ክረምት በተሳፈርኩበት ቅጥቅጥ ውስጥ ሌላ ነገር ታዘብኩ። ውጭ ጉም፣ ውስጥ የእርጥብ ልብስ ትንፋሽ። የፊት መስታወቱ ከውስጥ ላብ ላብ ብሎ ሹፌሩ አንድ እጁን ከመሪው አንስቶ ይጠርጋል። «መስኮት ትንሽ ክፈቱ፣ አልታየኝም» ሲል፣ አንዲት እናት ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ እየሸፈኑ «ልጄ፣ ብርዱ ይገድለናል እኮ» አሉት። «እማማ፣ ብርዱስ አይገድልዎትም፤ እኔ ካላየሁ ግን…» ብሎ ሳይጨርስ ረዳቱ ጨርቁን ተቀብሎ መወልወል ጀመረ። ከተሳፋሪው አንድም ሰው መስኮት አልከፈተም። እኔም አልከፈትኩም፤ ሁላችንም ነፋስ እንፈራለን። በዚህ አገር ከጉም በላይ የሚፈራው በመስኮት የሚገባ ነፋስ መሆኑን የመንገድ ደኅንነት ባለሙያዎች አንድ ቀን ቢያጠኑት ደስ ይለኛል።

በዚሁ የጎጃም መንገድ ወደፊት ሲሄዱ ደግሞ የዓባይ በረሃ አለ። ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ያንኑ ያህል ይወጣል። መንገዱን ያደሰችው፣ በ2000ዎቹ መጀመሪያ የተከፈተውን የህዳሴ ድልድይም የሠራችው ጃፓን ናት። ድልድዩ ጸንቶ ቢቆምም ተዳፋቱ ግን አልጸና አለ። ክረምት በመጣ ቁጥር የከርሰ ምድር ውሃው ከፍ ይልና ከላይ የተከመረው ልል አፈርና ድንጋይ ይንሸራተታል፤ አስፋልቱ ይሰነጠቃል፣ ይሰምጣል። የጃፓን ባለሙያዎች ከኢትዮጵያ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ጋር ሆነው የመሬቱን እንቅስቃሴ ለክተዋል፣ ውሃውን ከተዳፋቱ ውስጥ የማውጣት ዘዴም ሞክረዋል። ናዳ ምን ማድረግ እንደሚችል በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጎፋ ላይ አይተናል፤ መጀመሪያ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡት ሰዎች በሁለተኛው ናዳ ተቀበሩ፣ ከ200 በላይ ሰው አለቀ። መሬት አንዴ ከተንሸራተተ በኋላ ማንም ሰው እንዲጠጋ የማይፈቅድ ሥልጣን ያለው አካል ቢኖር ኖሮ የሞቱት ቁጥር ያነሰ ይሆን ነበር ብዬ አምናለሁ።

የኔ ክርክር እዚህ ላይ ነው። ድሮ ክረምት ራሱ መንገድ ይዘጋ ነበር። ከሰኔ እስከ መስቀል ዘመቻ ይቆማል፣ ሠራዊት ይከትማል፣ ሲራራ ነጋዴ በደረሰበት ያርፋል። ዓባይ ሲሞላ ሸዋና ጎጃም ይለያዩ ነበር፤ ንጉሥም ቢሆን ውሃው እስኪጎድል ይጠብቃል። ድልድዩና አስፋልቱ ያንን መዝጊያ አነሱት፤ ይህ በጎ ነው፣ ማንም ወደዚያ እንመለስ አይልም። ዳሩ ግን ወንዙ ይወስን የነበረውን የሚወስን ሌላ አልተሾመም። የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት የወቅት፣ የአሥር ቀንና የዕለት ትንበያ ያወጣል፤ ትንበያው ለገበሬውና ለዞኑ ይጠቅማል፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ አንድ ሸንተረር ላይ ስለሚሆነው ግን አይናገርም። የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር መንገድ ይሠራል፣ ይጠግናል፤ ትራፊክ ፖሊስ አደጋ ሲደርስ ይመጣል። ጉም በወረደበት ሰዓት «ለአንድ ሰዓት ከባድ መኪና አይለፍ» የሚለው ማን ነው? በተግባር የሚወስነው ሹፌሩ ነው። መንገዱ የሚዘጋው ሲቆረጥ ብቻ ነው።

በስዊዘርላንድና በጣሊያን መካከል ያለው የታላቁ ቅዱስ በርናርድ መተላለፊያ 2,469 ሜትር ነው፤ ከሱሉልታ ሜዳ እንኳ ያንሳል። በፈረንጆቹ ከጥቅምት እስከ ሰኔ ገደማ ይዘጋል፣ መኪናው ከሥሩ በተቦረቦረው ዋሻ ይሄዳል። እነሱን በረዶው አስገደዳቸው፤ ለወራት የሚተኛ በረዶ መዝጊያ ሳያቆሙ አያሳልፍም። የእኛ ጉም ግን ለአንድ ሰዓት ወርዶ ይነሳል፣ ስለዚህ ማንም እንደ ወቅት አይቆጥረውም። እኛም እነሱ እንደሚያደርጉት መንገዱን ለወራት መዝጋት አያስፈልገንም። አዲሱ ገበያ ላይና ሱሉልታ መግቢያ ላይ የሚቆም ሰው፣ ሬዲዮና መብራት ያለው ሰሌዳ፣ ከባድ መኪና አቆይቶ ማሳለፍ የሚችልበት ሜዳ ይበቃል። በደሴ መንገድ ባለው ጣርማ በር ላይም፣ ጣሊያን የቆፈረው ዋሻ አፍ ላይ ጉሙ በሚጠብቅበት ቦታ፣ ይኸው ይሠራል።

ተቃውሞው ይገባኛል። ሰላሌ ላይ ማለዳ የታለበ ወተት መንገድ ላይ ሁለት ሰዓት ቢቆም ፋብሪካው ይመልሰዋል፤ ኪሳራው የገበሬው ነው። የቀን ሠራተኛ አርፍዶ ከደረሰ ቀኑ ተቃጠለ። ከፍቼ ወዲያ ደግሞ ሌላ ስጋት አለ፤ በ2016 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ገርበ ጉራቻ አካባቢ ተማሪዎች የጫኑ አውቶቡሶች ከታገቱ ወዲህ ሳይመሽ ለመድረስ የማይሮጥ ሹፌር የለም። እገታ የሚፈራን ሰው ጉም አያቆመውም። «ቀስ ብለህ ንዳ» የሚል ምክር እንዲህ ላለ ሹፌር ስድብ ሊመስለው ይችላል።

ስለዚህ ሰሌዳው ብቻውን የትም አያደርስም። የሲሚንቶ ጫኝ ሹፌር አበሉ በምልልስ ቁጥር ነው፤ የሚኒባሱ ሹፌር ማታ ለባለንብረቱ የሚያስገባው የቀን ገቢ ጉም ወረደም አልወረደም ያው ነው። ለአንድ ሰዓት ቁም ሲባል የዚያች ሰዓት ሒሳብ ከማን ላይ እንደሚቀነስ አስቀድሞ ካልተነገረው፣ ሹፌሩ ሰሌዳውን አንብቦ ያልፋል። ከባለንብረቶችና ከማኅበራት ጋር መነጋገር የሚያስፈልገው በዚህ ላይ ነው፤ ከሰኔ በፊት፣ መንገዱ ገና ደረቅ ሳለ።